የዘማች አባት የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ፦ ከቀብሩ ቀን እስከ ሙት ዓመቱ

ጎጃም ውስጥ ወታደር የነበረ አባወራ ሲያርፍ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ መልክ አለው። በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ በዚህ ዓመት ተቀጠሩ፣ እዚህና እዚያ ዘመቱ፣ ይህን ያህል ልጆችና የልጅ ልጆች አፈሩ። የዘመቱበት አሥራ አራት ዓመት ሁለት ገጽ ይይዛል። ያረሱበት፣ ልጅ ያስተማሩበት፣ ሽምግልና ተቀምጠው ደም ያደረቁበት ሠላሳ ዓመት ደግሞ «ቀሪ ዘመናቸውን በግብርና ሲተዳደሩ ቆይተው» በሚል ግማሽ መስመር ያልቃል። ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ጎረቤት ግን ሰውየውን የሚያውቃቸው በዚያች ግማሽ መስመር ነው። ከዚህ በታች ያለው ወታደሩንም አባወራውንም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለማስቀመጥ የሚረዳ አሠራር ነው።

ሁለት ጽሑፍ ያስፈልጋል

በገጠሩ ጎጃም ጧት ያረፈ ሰው ማታ፣ ማታ ያረፈ በማግሥቱ ይቀበራል። በዚያች ጥቂት ሰዓት ሙሉ ታሪክ ለመጻፍ መሞከር ነው አብዛኛውን ስሕተት የሚያመጣው። ቀን ይምታታል፣ ልጅ ይረሳል፣ ማዕረግ ያለ ዘመኑ ይገባል። ስለዚህ ለቀብሩ አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ፤ ሙሉው ለአርባው ወይም ለተዝካሩ ይደርሳል።

ለቀብሩ 250 ቃል ይበቃል፤ ዝግ ተብሎ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የትውልድ ቀበሌና አጥቢያ፣ ማዕረግና ያገለገሉበት ዘመን፣ ባለቤትና ልጆች፣ መቼ እንዳረፉ። ያላረጋገጣችሁትን ዓመት በዚህኛው ውስጥ አታስገቡ። አሁን ሁሉም ሰው በስልኩ ይቀዳል፤ በቀብር የተነበበ ስሕተት ከወር በኋላ ቢታረምም የተቀዳው ከእጅ እጅ መዞሩን አይተውም።

የክርስትና ስሙን በመጀመሪያው ሰዓት ጠይቁ። ካህናቱ በፍትሐት የሚጠሩት እሱን ነው፤ ልጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። የሚያውቁት ባለቤታቸው፣ ታላቅ እኅታቸው ወይም የነፍስ አባታቸው ናቸው።

ጽሑፉን አንድ ሰው ይያዘው። የበኩር ልጅ አይሁን፤ እሱ ለቅሶ ደራሽ ይቀበላል። የእኅት ልጅ፣ አማች፣ ወይም ቤተሰቡን የሚያውቅ መምህር ይሻላል። ሦስት ሰው ተከፋፍሎ የጻፈው ታሪክ አንዱ ጋ «እሱ»፣ ሌላው ጋ «እርሳቸው» ይላል፤ ሲነበብ ጆሮ ይቆረቁራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንቱታ ይሁን፤ ስለ ልጅነታቸው ሲወራም ጭምር።

እስከ አርባው ያለው ጊዜ

የአርባውን ቀን ከነፍስ አባት ጋር ሆናችሁ ቁጠሩ። ያረፉት ነሐሴ ውስጥ ከሆነ ጳጉሜን መቆጠሯን አትርሱ። «ወር ከአሥር ቀን» ብለው በጣት የሚቆጥሩ ቤተሰቦች አምስት ቀን ዘግይተው የሚደግሱት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ማንንም አትጠይቁ፤ አዳምጡ ብቻ። ዳስ ውስጥ ሰው ሳይጠየቅ የሚያወራው በኋላ ተለምኖ ከሚናገረው ይበልጣል። ትንሽ ደብተር ይዛችሁ ማን ምን እንዳለና ስልክ ቁጥሩን መዝግቡ። በተለይ ከሩቅ የመጡ የጦር ጓዶች በሠልስቱ ማግሥት ይበተናሉ። ከመሄዳቸው በፊት ቢያንስ ሦስት ነገር ያዙ፦ አብረው የነበሩበትን ክፍል ስም፣ ዓመቱን፣ ሌላ በሕይወት ያለ ጓድ ካለ አድራሻውን።

ከሠልስት በኋላ በዕድሜ ከሁሉም ከሚገፉት ጀምራችሁ ጠይቁ። ባለቤታቸውን ለብቻ፣ ልጆቹ በሌሉበት። ልጆች ካሉ እናት ታሪኩን ታሳጥራለች፣ ወይም ልጁ «እንደሱ አይደለም እማዬ» እያለ ያቋርጣል። በስልክ ቅዱ፤ ስልኩን ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ በጨርቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ መደብ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ የስኒውና የረከቦቱ ድምፅ ሁሉን ይውጠዋል። ከአርባ ደቂቃ በላይ አታድክሟቸው።

«አባባ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ መልሱ «ደግ ሰው» ነው። እንዲህ ጠይቁ፦ ደመወዙን በማን እጅ ይልኩ ነበር? ለፈቃድ ሲመጡ ስንት ቀን ይቆዩ ነበር፤ በነዚያ ቀናትስ ምን ይሠሩ ነበር? ደብዳቤያቸውን ማን ያነብላችሁ ነበር? ደብዳቤ የጠፋበት ዘመን ነበር? ሲመለሱ በምን መጡ፣ ምን ለብሰው ነበር? የመጀመሪያውን በሬ ከየት አገኙ? ጧት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን ነበር?

ወረቀቶቹ

ሣጥኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት የጡረታ ደብተር፣ የማዕረግ ዕድገት ደብዳቤ፣ የስንብት ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ ሜዳይ፣ ጥቂት ጉርድ ፎቶ ናቸው። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሱና ዋናውን መልሳችሁ አስቀምጡ። ዋናውን ላስቲክ አስለብሶ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ወይም ለፎቶ ቤት ሰጥቶ መርሳት ጉዳት አለው። ባለቤታቸው የተተኪ ጡረታ ስትጠይቅ የምትፈለገው ያችው ወረቀት ናት።

ወረቀት ላይ ያለው ስምና ቤት የሚጠራው ስም ሊለያይ ይችላል። ቅጥር ላይ ጸሐፊው የአያትን ስም አሳስቶ ሊጽፍ፣ ምልምሉ ራሱ ዕድሜውን ጨምሮ ወይም ቀንሶ ሊያስመዘግብ ይችል ነበር። ስለዚህ የትውልድ ዘመንን ከወታደር መታወቂያ ብቻ አትውሰዱ። ከአገሩ ዘመን ጋር አስተያዩት። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ የሚያስታውሳቸው ምሰሶዎች አሉ፦ ጣሊያን የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ በላይ ዘለቀ የተሰቀለበት 1937፣ ገበሬው በግብር ያመፀበት 1960፣ የመሬት አዋጁ 1967፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983፣ የመሬት ሽግሽጉ 1989። «በግብሩ ዓመፅ ጊዜ ከብት ጠባቂ ነበር» የሚል ታላቅ እኅት ካለች፣ 1938 ተወለደ ከሚለው መታወቂያ ይልቅ እሷን ማመን ይቀላል። ካልቆረጠላችሁ «በ1940ዎቹ አጋማሽ ገደማ» ብላችሁ ጻፉ፤ ነውር የለውም።

ሌላው ወጥመድ የፈረንጅ ቀን ነው። ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በኮሪያ ወይም በኮንጎ የነበረ ሰው ወረቀቱ የሚጻፈው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ላለው 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ላለው 8 ቀንሱ (ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ዝም ብሎ ስምንት መቀነስ በመስከረምና በኅዳር የሆነውን ነገር ሁሉ አንድ ዓመት ያሳስታል።

ማዕረግና ክፍል

ይህ ነገር ብዙ ጸሐፊዎችን ያሳስታል። «ሻምበል» የማዕረግ ስምም የጦር ክፍል ስምም ነው፤ «ሻለቃ»ም እንደዚሁ። ወረቀቱ «የ2ኛ ሻምበል» ካለ ሰውየው ሁለተኛው ሻምበል ውስጥ ነበሩ ማለት እንጂ ማዕረጋቸው ሻምበል ነው ማለት አይደለም። አሥር አለቃ የነበሩ ሰው በቀብራቸው ቀን ሻምበል የሚሆኑት በዚህ ስሕተት ነው፤ ጓዶቻቸው ቆመው ይሰማሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ።

የማዕረጉ ተራ ከታች ወደ ላይ ምክትል አሥር አለቃ፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያለ ሄዶ በመኮንኖቹ በኩል ምክትል መቶ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ ይላል። በመጨረሻ የደረሱበትን ጥሩ፤ በጦር ሜዳው ታሪክ ውስጥ ግን በዚያን ጊዜ የነበራቸውን ማዕረግ ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃልም ዘመን ይነግራል፤ «ጋንታ» (አነስተኛ የጦር ክፍል) የሚል ካገኛችሁ ከ1983 በኋላ ወዳለው ሠራዊት የሚመራ ፍንጭ ነው። ከአብዮቱ በፊት ከሆነ 2ኛ ክፍለ ጦር አሥመራ፣ 3ኛ ክፍለ ጦር ሐረር ነበር፤ ቤተሰቡ «ሐረር ነበሩ» ብቻ ካለ መነሻ ይሆናችኋል።

ከዚያ ቀኑን ከታወቀው ታሪክ ጋር አመሳክሩ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡ ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ በሚያዝያ 1943 ወደ ኮሪያ ተጓዙ፤ ተኩስ የቆመው ሐምሌ 1945 ነው። ከዚያ በኋላ የሄዱት ሰላም ጠባቂ ነበሩ፤ ክብራቸው አያንስም፣ «ተዋጉ» ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ ሚሊሺያ ለሶማሊያው ጦርነት ይደርሳል፤ ካራማራ የተያዘው የካቲት 26 ቀን 1970 ስለሆነ ከዚያ በኋላ የተቀጠረ ሰው ካራማራ ላይ ሊዋጋ አይችልም። የአፋበት ውጊያ መጋቢት 1980፣ የምጽዋው የካቲት 1982 ነው። የባድመው ጦርነት ከ1990 እስከ 1992 ይዘልቃል።

ሾፌር፣ የወጥ ቤት ኃላፊ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የመኪና ጥገና ባለሙያ ከነበሩ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ። ምሽግ ሳይገቡ ምሽግ ማስገባት አያስከብራቸውም። ደግሞም ሥንቅና ጥይት ጭኖ በሌሊት ያለ መብራት የነዳ ሾፌር ታሪክ ከተለመደው «ጠላትን ድባቅ መቱ» ይልቅ ሰሚን ይይዛል።

የቃላት ምርጫ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የእርስ በርሱን ጦርነት ስትጽፉ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ ክፍሉን፣ የደረሰባቸውን ቁስል ጻፉ፤ ስድቡን ተዉት። ዳሱ ውስጥ በዚያኛው ወገን የተዋጋ፣ ወይም ልጁ እዚያ የቀረ አባት ሊኖር ይችላል። እንጀራ ሊበላ የመጣን ለቅሶኛ አንገት አታስደፉ።

አባወራውን መጻፍ

ከግንቦት 1983 በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ዓመታት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይዘላቸዋል፤ የተበተነ ሠራዊት ወታደር ሆኖ ባዶ እጅ መመለስ እንደ ኀፍረት ስለሚቆጠር። አትዝለሉት። የብዙ ዘማች ታታሪነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማሳው በማን እጅ ነበር? ቤቱ ቆሞ ቆየ ወይ? ስንት ጊዜ በሰው በሬ አረሱ?

ቅጽል በሥራ ይተካ። ይህን እዩ፦

«አባታችን ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ለቤተሰባቸው ተቆርቋሪ ነበሩ።»

ይህ ለማንም ይሆናል። አሁን ደግሞ፦

«ሲመለሱ በሬ አልነበራቸውም። ሁለት ክረምት ጉልበታቸውን ሰጥተው በሬ እየተዋሱ አረሱ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ወይፈን ገዝተው ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ገቡ። ሦስት ቃዳ መሬት ይዘው ስድስት ልጅ ትምህርት ቤት ላኩ፤ ሰኔ ላይ እህል ሲያልቅ ደብተር ገዝተው ራሳቸው በቀን አንድ ጊዜ ይበሉ ነበር።»

«ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ማንም ሰነፍ አይላቸውም። ቁጥር ፈልጉ፦ ስንት ቃዳ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ የስንት ሰዓት መንገድ ነበር። ከወታደርነት ወደ ቤት የመጣ ልማድ ካለ አስገቡት፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ጫማ በመስመር ማስቀመጥ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት፣ ቁስልን ራሳቸው ማጠብ። ሁለቱ ሕይወቶች የሚገናኙት በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው።

ባለቤታቸውንም በአንድ መስመር አትለፉ። እሳቸው ግንባር ሳሉ ማሳውን ያሳረሰች፣ ግብር የከፈለች፣ ልጅ የዳረች እሷ ናት። ስሟ ከነአባቷ ስም ይጻፍ። «ከወይዘሮ እገሊት ጋር በሕግ ተጋብተው» ብሎ መሄድ ግማሹን ታሪክ መጣል ነው።

ልጆችን በዕድሜ ቅደም ተከተል ጥሩ፤ የሞቱትንም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ብዙ ለቅሶ በጥብጧል፦ ወታደር የነበረ ሰው አሥመራ፣ ሐረር ወይም ሌላ ጦር ሰፈር ባለበት ከተማ ልጅ ሊኖረው ይችላል። ይህን አርባው ከሚውልበት ሳምንት በፊት ከባለቤታቸውና ከታላላቅ ልጆች ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ። የእኛ ምክር ሁሉንም መጥራት ነው። ስሙ ሳይጠራ የቀረ ልጅ በዚያው ቀን ዳስ ውስጥ ብድግ ሲል፣ ወይም ከዓመት በኋላ በወራሽነት ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ የተነበበው ወረቀት ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል።

የሙሉው ጽሑፍ ርዝመት ከ700 እስከ 800 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሲነበብ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ከጠላው ጋር ወግ ይጀምራል። ሲሶው ለውትድርናው፣ ሲሶው ለቤቱና ለእርሻው፣ የቀረው ለልጅነት፣ ለአጥቢያና ለማኅበር አገልግሎት ይሁን። ሲጠናቀቅ ለአንድ ጓዳቸውና ለባለቤታቸው አንብቡላቸው። እሱ ማዕረጉን፣ እሷ የቀረውን ሁሉ ታርማለች።

አስለቃሹና ቅኔው

አስለቃሽ የምትመጣ ከሆነ ባዶ እጇን አትተዉአት። ከጧቱ ጀምሮ የአባትና የእናት ወገን ስም፣ የፉከራ ስማቸው፣ የዘመቱበት ቦታ፣ የወንድሞቻቸውና የሴት ልጆቻቸው ስም ይነገራት። ስንኝ የሚወጣው ከዚያ ነው፦

ቀረ ተብሎ ነበር በካራማራ በር፤
ተመልሶ አረሰው የአባቱን ድንበር።

የዘመቱበትን ካልነገራችኋት ለሁሉም ሰው የምትለውን ትላለች። የቅኔ መምህር ወይም መሪጌታ ቅኔ እንዲቀኝ ከተፈለገ ደግሞ የክርስትና ስሙን፣ ያረፉበትን ዕለት በዓልና ሁለት ሦስት የሕይወታቸውን ፍሬ ነገር ቀደም ብሎ መላክ ይገባል። ሰምና ወርቅ የሚሠራው ከነዚህ ነው። ቅኔው ሲባል የሚሰማው ጥቂት ስለሆነ ትርጓሜውን የሚናገር ሰው አብሮ ይዘጋጅ፤ ከዚያ በደብተር ይጻፍ።

ለቅሶ ላይ ልብሳቸውን፣ ቆባቸውን፣ ፎቷቸውን መያዝ የቆየ ወግ ነው። ጠመንጃ ከሆነ ግን ጥይቱ ወጥቶ ይያዝ፤ ተኩሱም ይቅር። ወደ ሰማይ የተተኮሰ አንድ ቦታ ይወርዳል፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ለመንገደኛም ድንጋጤ ነው።

ፎቶው

ለማሳደግ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ ነው። ከመስተዋቱ አውጡት፣ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉት፣ ያለ ፍላሽ ስልኩን በትክክል ከላይ ይዛችሁ አንሱ። መስተዋት ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትላጡት፤ ከነመስተዋቱ አንሱት። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ለማተም ቢያንስ 2400 በ3200 ነጥብ (ፒክስል) ይፈልጋል። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ሲታተም ፊታቸው ይደበዝዛል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የምታሳትሙ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ፊታቸውን «እንዳያስውብ» ንገሩት፤ የቁስል ጠባሳ አጥፍቶ የሚመልስ አለ።

ንባቡ

አንባቢው የማያለቅስ ሰው ይሁን። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይለማመድ፤ ስም በትክክል መጥራቱ እዚያ ይታያል። ፊደሉ ትልቅ፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ የተጻፈ፣ ገጹ የተቆጠረ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፤ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነፋስ ገጽ ሁለትን ወስዶ ገጽ ሦስትን ያስነበበበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ድምፅ ማጉያ ካለ ባትሪው ቀድሞ ይፈተሽ።

ሐውልቱ

ለመሥራት ሙት ዓመቱን፣ ቢያንስ አንድ ክረምት ማለፉን ጠብቁ። አዲስ የተቆፈረ አፈር በዝናብ ይሰምጣል። ደጀንና ብቸና አካባቢ እንዳለው ዋልካ ከሆነማ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶውም አብሮት። መሠረቱ ድንጋይ ተደርድሮበት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ። ከሁሉም በፊት የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የሐውልት ቁመት የሚገድብ አጥቢያ አለ።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ ማዕረግ፣ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የተወለዱበትና ያረፉበት ዓመት። በግእዝ ቁጥር የምታስጽፉ ከሆነ በወረቀት ላይ በሰፊው ጽፋችሁ ለቀራጩ ስጡት፤ በቃል አትንገሩት። ፮ እና ፯፣ ፷ እና ፸ በድንጋይ ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። 1969 ፲፱፻፷፱ ነው፤ 1979 ደግሞ ፲፱፻፸፱። መዶሻ ካረፈበት በኋላ ማረሚያው ድንጋዩን መለወጥ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ጽሑፍ ሦስት ቅጂ አድርጉ፦ አንዱ ከሜዳዩና ከወረቀቶቹ ጋር በሣጥኑ ውስጥ፣ አንዱ ከተማ ባለ ልጅ ቤት፣ አንዱ ከተቀዳው ድምፅ ጋር በስልክና በፍላሽ። ሣጥኑ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ምስጥ ከወረቀት ይጀምራል።